ሳይጠይቁኝ የተከፈተው የእናቴ መቃብር

የእናቴ መቃብር እኔን ሳይጠይቁ ተከፍቷል። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። በደርግ ዘመን፣ እዚሁ ኮልፌ፣ በደብራችን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሰው እያየ፣ እናቴ የተኛችበትን አፈር በዶማ ቆፍረው ሌላ ሰው አስተኙበት። አንድ ሰው ወደ ቤቴ ልከው "እንዲህ ልናደርግ ነው" አላሉኝም። ቤቴ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው ቢጣሩ እሰማ ነበር።

ልጆቼም የልጅ ልጆቼም "ተይው እንጂ፣ ስንቱ ስንት ነገር ባጣበት ዘመን አንቺ የመቃብር ነገር ታነሺያለሽ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ልጁን አጥቷል፣ ቤቱን ተነጥቋል። ግን ትልቅ በደል ስላለ ትንሹ በደል በደልነቱ አይቀርም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያስተማረኝ ያው መንግሥት ነው፤ አልክድም፣ አመሰግነዋለሁም። ባስተማረኝ ፊደል ያደረገብኝን ብጽፍ ቅር አይበለው።

ለመርገም ግን አይደለም የምጽፈው። መጀመሪያ ወረቀት ያነሣሁት ለዚያ ነበር። ነገሩን ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳስታውሰው፣ የማመሰግናቸው ሰዎች ከምከስሳቸው በዝተው አገኘኋቸው።

እናቴ የጎጃም ሰው ናት። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አራስ ልትጠይቀኝ መጥታ በዚያው ቀረች። ስትመጣ አንድ ጥርስ አልነበራትም። ግማሹ በሕመም ወልቆ፣ የቀረውን የአገሯ ወጌሻ በጉጠት ነቅሎት፣ ድድ ብቻ ሆና ነው የደረሰችልን። በዚህ አታፍርም ነበር። ቆሎ እየቆረጠሙ የሚያልፉ ልጆችን ጠርታ "ና እስቲ፣ ለእኔም አኝክልኝ" እያለች በሳቅ ታፈርሳቸዋለች።

ሥራዋ ልጅ መያዝ ነበር። ማንም አልቀጠራትም። ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን ደጃፍ አውጥታ ትቀመጣለች። የሰፈሩ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ወደ ቦኖ ሲወርዱ ልጃቸውን ጭኗ ላይ ቁጭ ያደርጉና "እማማ፣ ትንሽ ያዙልኝ" ይሏታል። ትንሽ ማለት ወረፋው እስኪደርስ ነው፤ ወረፋው ደግሞ አንዳንዴ ቀትር ያልፋል። እኔ ብግን እል ነበር።

"እማዬ፣ የሰፈሩ ሞግዚት ማን አደረገሽ?"

"ዝም በይ። ጭኔ ባዶውን ከሚውል።"

አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ሞተች። እድራችን በወጉ ቀበራት፤ በሰሌን ተጠቅልላ፣ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ሆኖ፣ ከቤተ መቅደሱ ብዙም ሳትርቅ። መቃብሯን በድንጋይ ለማሳጠር ግን ዓመታት ፈጀብኝ። አቅም ያገኘሁት በዚያ ክፉ ክረምት፣ ቀይ ሽብሩ ሰፈራችን ውስጥ በገባበት ጊዜ ነው። ግንበኛ ይዤ ዙሪያዋን አስቆፈርኩ፤ ዝናቡ አላስጨርስ ብሎን ሥራው ሲጎተት፣ አፈሩ ሲገለበጥ ሰነበተ። ሰው ሳቀብኝ። "ሰው በቁሙ እየተለቀመ አንቺ ለሞተ አጥር ትሠሪያለሽ?" አሉኝ። እኔም "የቆመውን ማጠር አልቻልኩማ" አልኳቸው። በመጨረሻ አጥሩ አለቀ፣ አማረ፤ በየዓመቱ በሙት ዓመቷ ቀን እየሄድኩ ድንጋዩን አጸዳለሁ፣ ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ እሰጣለሁ።

ይህ በሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ግድም ሲያልፍ ነው ነገሩ የመጣው። በሙት ዓመቷ ቀን ንፍሮዬን ተሸክሜ ስደርስ አጥሩ የለም። ድንጋዩ ፈርሶ አንድ ጥግ ተከምሯል። እናቴ ባለችበት ቦታ ላይ ትኩስ አፈር ተቆልሎ፣ አናቱ ላይ የወረቀት አበባ ጉንጉን ተቀምጧል። ጉንጉኑ ላይ ቀይ ጥብጣብ አለ። በአዲሱ ፊደሌ አንድ በአንድ አነበብኩት፤ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር እናት መታሰቢያ ይላል። ማንበብ በመቻሌ የተጸጸትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

የደብሩን አለቃ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ አገኘኋቸው።

"አባ፣ እናቴ የት አለች?"

"ተረጋጊ ልጄ።"

"ተረጋግቻለሁ። ያልተረጋጋሁ ጊዜ ያውቁታል። እናቴ የት አለች?"

ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። "ቦታ ጠቧል። አንድ ሰሞን ያረፉትን እያነሣን አዲሱን ማስገባት ከጀመርን ቆየን፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ያ ቦታ ደግሞ ... ይሰጠን ያሉት እሱን ነበር። ዐጽሟን በክብር አንሥተናል። ዕቃ ቤት ነው።"

"ያሉት እነማን ናቸው?"

በአገጫቸው ብቻ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አቅጣጫ አመለከቱኝ። ፈርተው ነበር። በፍርሃታቸው አልፈርድባቸውም፤ ባለመላካቸው ነው የምፈርድባቸው። አንድ ዲያቆን ቢልኩ ምን ነበር?

ንፍሮውን ለነዳያን ሰጥቼ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ከዚያ ቀደም በስብሰባ ላይ ቤተ ክርስቲያን የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ናት ብሎ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ያስቆመን ሰው ነው። እናቱን ሲቀብር ቅሪቷ አማረችው። ይህን በልቤ ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ኋላ በካኪ ልብሱ ተቀምጧል፤ የሐዘን ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ይህንንም አየሁ፤ ያየሁትን አልደብቅም።

"እናት፣ ምን ልርዳዎት?"

"የእናቴን መቃብር ሳትጠይቁኝ ከፍታችኋል። ለምን እንደሆነ ልጠይቅ ነው።"

"የከተማ ቦታ በአዋጅ የሕዝብ ሆኗል። የግል መቃብር የሚባል የለም።"

"አዋጁን አውቀዋለሁ፣ መሠረተ ትምህርት ላይ አስነብባችሁናል። ለአንድ ሰው አንድ ቤት ይፈቀዳል፣ የሚወረሰው ትርፉ ነው ይላል። እናቴ ስንት መቃብር አላት? አንድ። አከራይታዋለች? አላከራየችም። ታዲያ ምኑን ትርፍ ብላችሁ ወረሳችሁባት?"

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ሳል ያዘው። ሳል አልነበረም።

"ይህ ቀልድ የሚነገርበት ቢሮ አይደለም!" አለ ሊቀመንበሩ።

"እኔም ለቀልድ ንፍሮዬን ጥዬ አልመጣሁም።"

ጸሐፊውን አስወጣው። በሩ ሲዘጋ ልቤ ትንሽ ፈራ፤ በዚያ ዘመን የቀበሌ በር ከኋላ ሲዘጋ ማን አይፈራም? እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና "እኔም እኮ እናቴ ናት" አለኝ። "ቤተ መቅደሱ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ ነው የሞተችው። ምን ላድርግ?"

"ትጠይቀኝ ነበር።"

"ብጠይቅዎት እሺ ይሉኝ ነበር?"

"እሱን የምታውቀው ብትጠይቀኝ ነው።"

አላሰረኝም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ከእኔ ባነሰ ቃል የታሰሩ ሰዎች አውቃለሁ። ዐጽሙን ይስጧት ብሎ ለአለቃው ላከ፤ እኔም በማግሥቱ ዕቃ ቤት ገባሁ።

ዐጽሙ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። በክብር ያሉት እሱን ነው። ተንበርክኬ የከረጢቱን አፍ ፈታሁ፣ አማተብኩ፣ እጄን ሰደድኩ። መጀመሪያ የወጣልኝ መንጋጋ ነው። አፈሩን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት። ጥርስ። ሙሉ፣ ነጭ፣ እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ ጥርስ።

"አባ" አልኩ፣ "ለእናቴ ቁርባን ያቀብሏት የነበሩት እርስዎ ነዎት። አንድ ጥርስ አይተውባታል?"

ቀርበው አዩ። "አላየሁም" አሉ።

"ታዲያ መሬት ውስጥ ሆና አበቀለች?"

እስከዚያች ደቂቃ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ የት አለች? አሁን ሌላ ተጨመረብኝ። እናቴን ሳይጠይቁ አነሡብኝ ብዬ አገር ስበጠብጥ፣ እኔው ራሴ ዘመዱን ያልጠየቅሁትን የሰው ልጅ መንጋጋ በእጄ ይዣለሁ። ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

በዚያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ አንድ ደባል ነበረን። የተማረ ልጅ ነው፤ በረሃ እየወረደ ጥንታዊ አጥንት ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር ይሠራል። ጴንጤ ስለሆነ፣ ጸሎት ቤታቸውም ስለታሸገ፣ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር እኛ ጓዳ ድምፁን አፍኖ ይዘምራል። ዐጽሙን እንዲያይልኝ ለመንኩት። ደብሩ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ታሰረ።

"እትዬ፣ ጴንጤ ገባ ብለው ቢደበድቡኝስ?"

"ከእኔ ጋር ሆነህ? እነሱ ይፍሩ።"

ገባ። እጁን ታጥቦ፣ መሬት ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ፣ አንድ በአንድ አወጣቸው። እንዴት እንደያዛቸው አልረሳም፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የሚፈራ ሰው ይመስል ነበር። "እትዬ፣ ይህ ገና ልጅ ነው" አለኝ። "የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች እየወጡ ነበር። ሃያ አልሞላውም። ወንድ ሳይሆን አይቀርም።" ከዚያ የራስ ቅሉን አዞረ። ከኋላው ቀዳዳ አለ። እሱም አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ያን ዘመን የኖረ ሰው ያንን ቀዳዳ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ንዴቴ መሄጃ አጥቶ በእሱ ላይ ወጣ።

"እናንተስ? በረሃ ያገኛችሁትን ሰው ስታወጡ ማንን አስፈቀዳችሁ?"

"እትዬ፣ ያ እኮ ከቁጥር በላይ የሆነ ዘመን ያለፈው ነው። ዘመድ ከየት ይመጣል?"

"በሬዲዮ የሰው ዘር ሁሉ ዘመድ ነው ትሉ የለ? እኔም ዘመዱ ነኛ! ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

ሳቀ። ትንሽ ሄዶ ሳቁን ተወው። "እኛ አንድ አጥንት ከማንሣታችን በፊት መሬቱን በገመድ ከፋፍለን፣ የት እንደነበረ፣ ወዴት እንደዞረ እንስላለን። መቃብር የሚዘርፍ የፈለገውን አፍሶ ይሄዳል። የእኛ ልዩነት እሱ ነው።"

"ከእናቴ መቃብር ይህን ልጅ ሲያወጡ ማን ሳለ?"

"ማንም።"

"መሳላችሁ ደግ ነው። ማስፈቀዱስ?"

"ማስፈቀዱ ይቀረናል" አለ። ስለዚህ መልሱ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ "ይቀረናል" የሚል ግን ብዙ አልገጠመኝም።

ያን ዕለት ሣጥኔን ከፍቼ ለራሴ መገነዣ ያስቀመጥኩትን አዲስ ነጭ ጨርቅ አወጣሁ። የሰው ልጅ በማዳበሪያ ከረጢት አያድርም። አለቃው እያዩኝ ጠቅልዬ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጥኩት። እሳቸውም አጠገቡ ጧፍ አበሩለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድር ስብሰባ ነበር። ተነሥቼ "የተሰጠኝ ዐጽም የእናቴ አይደለም" አልኩ። ስለ ቀዳዳው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ድንኳኑ ተንጫጫ። ወዲያው ጣት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ፤ ወደ መቃብር ዘበኛው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ክረምት ከግቢው ሣር እያጨዱ በአህያ ጭነው የሚሸጡ። ያኔ ጨርቅ በተወደደበት ጊዜ ከአዲስ ሬሳ ላይ ጋቢና የሣጥን ሳንቃ የሚሰርቅ አለ ተብሎ ይወራ ነበር፤ ወሬው ሁልጊዜ እሳቸው ደጅ ላይ ነው የሚያርፈው።

"ማን ይሆናል ታዲያ! እሱ ነው የሚያገላብጣቸው!" አለ አንዱ።

"አየህ?" አልኩት።

"ሰው ሁሉ ይላል እኮ።"

"ሰው ሁሉ አይደለም የጠየቅሁት። አንተ በዓይንህ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ተቀመጥ። እኔ የተበደልኩት ሳልጠየቅ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይጠየቅ በእኔ ጉዳይ እንዲፈረድበት አልፈልግም።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት "የሊቀመንበሩ እናት ይነሡና ሥር ይታይ!" ብላ ሹክ አለች። ሊቀመንበሩ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ እምቢ አልኩ። ያቺ ሴትዮ ምን አደረገችኝ? ሞታለች እንጂ ዶማ አልያዘችም። ለእናቴ ብዬ ሌላ እናት አላስነሣም። "ያ በነጭ የጠቀለልኩት ሰው ዘመድ አለው" አልኳቸው። "ዘመዱ እስኪመጣ ዘመዱ እኔ ነኝ። ጨርሻለሁ።"

ወደ ቤት ስሄድ ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ዘበኛው ናቸው።

"ልጄ፣ እናትሽ አልተነሣችም።"

ቆምኩ።

"አስቀምጠሻት የሄድሽበት ነው ያለችው። ላይ ያለውን ዐጽም ሲያገኙ ቆፋሪዎቹ እሷ መሰለቻቸው። የእድር ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ። ወደ ታች ሊቀጥሉ ሲሉ 'ከዚህ በታች አለት ነው፣ ዶማችሁን አትስበሩ' ብዬ አስቆምኳቸው። አለት የለም። እናትሽ ናት ያለችው።"

መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው፣ ድንጋይ እንኳ አልፈለግሁም፣ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ እያልኩ አለቀስኩ። ሳለቅስ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።

"የላዩስ ማነው፣ አባባ?"

"ምስጢሩ የእኔ ቢሆን ይህን ያህል ዓመት አልይዘውም ነበር። እሷን ጠይቄ ልምጣ። ነገ አስኮ እወርዳለሁ።"

በሳምንቱ አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደጄ ተንኳኳ። ስከፍት የድሮ ጎረቤቴ ናት። ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ትኖር የነበረች ሴት ናት፤ ከቀይ ሽብሩ በኋላ ቤቷን ለቅቃ አስኮ፣ ከሳንሱሲ ወዲህ ገባች። አንድ ልጅ ነበራት። ተማሪ ነበር። "ልጅሽስ?" ሲሏት "ሱዳን ገብቷል፣ ይጽፍልኛል" ትል ነበር። እኔም አምኛት በየበዓሉ "ሱዳኑ ልጅሽ ደኅና ነው?" እላት ነበር። እሷም "ደኅና ነው፣ ይመስገን" ትለኝ ነበር።

ደጃፉ ላይ አየኋት፣ አየችኝ። "ነጭ አልብሰሽዋል አሉኝ" አለች። ለዓመታት ያላለቀሰችውን ለቅሶ እኔ ትከሻ ላይ አለቀሰችው። በዚያ ዘመን የተገደለባቸው እናቶች ማልቀስ እንኳ ተከልክለው ነበር።

ስትረጋጋ ነገረችኝ። ልጁን ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥለውት አገኘችው። አንሥታ ብትወስደው፣ ደረት ብትመታ፣ ቀጥሎ እሷ ናት። የደረሱላት ዘበኛው ናቸው። ሣር የሚጭኑባትን አህያ አምጥተው፣ ልጁን በሰሌን ጠቅልለው፣ ላዩን ሣር ከምረውበት ወደ ደብሩ ግቢ አስገቡት። ሣር ከግቢው ሲያወጡ እንጂ ሲያስገቡ ማንም አይቷቸው አያውቅም፤ ቀን ነበር፣ ግን ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ የጠየቃቸውም የለም። ግቢው ውስጥ አዲስ አፈር ማንም የማይጠረጥርበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እኔ አጥር ሳሠራ የማገላብጠው የእናቴ መቃብር።

ተያይዘን ወደ ደብሩ ሄድን። አለቃው ጨርቁን ሳትፈታ አቅፋ እንድትቀመጥ ተዉአት። ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቋት ተነሥታ በጆሯቸው ነገረቻቸው። በዚያ ክረምት ያልተደረገለትን ጸሎት ያን ዕለት አደረሱለት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን አንድ ቃል ሳያጎድሉ። የመጀመሪያው ቀን ፍርሃታቸውን ያን ጊዜ ይቅር አልኳቸው። ዘበኛው ከእናቴ እግር በኩል፣ የሊቀመንበሩን እናት ሳይነኩ፣ አፈሩን ከጎን ከፈቱ። ከመክፈታቸው በፊት ግን ከዘራቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩና "ትፈቅጃለሽ?" አሉኝ። ከሁሉም ሰው የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። "እፈቅዳለሁ" አልኩ።

ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገን አስተኛነው። ድንጋዮቹን ከጥጉ እያመጣን ሁሉንም አንድ ላይ አጠርናቸው፤ እናቴን፣ ልጁን፣ የሊቀመንበሩንም እናት። ሊቀመንበሩ በኋላ አይቶታል። አላስፈረሰውም፤ ከዚያ ወዲያም መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆሞ ያሳልፈኝ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ በሙት ዓመቷ ቀን ጧፍ ሳበራ ለሦስቱም ነው።

ስንመለስ ጎረቤቴን ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ዘግይቷል። ሁሉም ነገር አልቆ፣ ሁሉንም አመስግኜ፣ አንድ ነገር ግን ይቀረኝ ነበር። እንዲህ ነኝ፤ መጠየቅ ያለበት ነገር ሳይጠየቅ አያስተኛኝም። መቃብሩን መጀመሪያ የከፈተችው እሷ ናት።

"እህቴ" አልኳት፣ "አልቀየምሽም። ያደረግሽውን እኔም አደርገው ነበር። ግን ጎረቤቴ አልነበርሽም? ሁለት በር ነበር በመካከላችን። ምነው ሳትጠይቂኝ?"

ነጠላዋን አስተካከለች። መንገዱን አየች።

"አንቺን ብጠይቅሽ አንቺም ነገሩ ውስጥ ትገቢ ነበር። ልጆች ነበሩሽ። ግን ሳልጠይቅ አልከፈትኩም" አለችኝ። "እሳቸውን ጠየቅኋቸው። አፈሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ድሮ ቦኖ ስወርድ እንደምላቸው፣ 'እማማ፣ ልጄን ትንሽ ያዙልኝ' አልኳቸው።"